የመምህር ብድራት

ጡረታ የወጡ መምህራን በአንድ ስፍራ በተገናኙ ጊዜ፣ በለቅሶ ድንኳን ውስጥም ይሁን በሰንበቴ ጠላ ዙሪያ፣ ወይም የወር ገንዘባቸውን ለመቀበል በተሰለፉበት ደጃፍ፣ ጨዋታቸው ከየትም ቢነሣ ውሎ ውሎ ወደ አንድ ነገር መመለሱ አይቀርም፤ ይኸውም ካስተማሯቸው ልጆች ማን ከምን ደረሰ የሚለው ነው። አንዱ፣ «ጄኔራል እገሌን ፊደል ያስቆጠርሁት እኔ ነኝ» ይላል፤ ሌላው ደግሞ በሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ሊቀድደው የቀረበው ሐኪም የቀድሞ ተማሪው ሆኖ መገኘቱን፣ ማደንዘዣው እስኪወስደው ድረስም ልጁ በሒሳብ ስንት ያመጣ እንደ ነበር ለማስታወስ ሲታገል መቆየቱን ያወራል። ይህን ጨዋታ እኔም እወደዋለሁ፤ ሐሰትም የለበትም። ነገር ግን ብቻዬን ሆኜ ሳሰላስለው ሹመት የመምህር ብድራት መስፈሪያ ሊሆን እንደማይገባው ይታየኛል፤ ሹመትን የሚሰጠውም የሚነሣውም ሌላ ባለቤት ነውና፣ እኛም በዕድሜያችን ወንበር ስንቱን ከፍ አድርጎ ስንቱን እንዳወረደ አይተናል። እንዲሁም አንዳንድ ባልንጀሮቼ፣ «ያን ሰው ሰው ያደረገው የእኔ አለንጋ ነው» ሲሉ በሰማሁ ቍጥር ነገሩ አይዋጥልኝም፤ በዚያው አለንጋ ተገርፎ ከትምህርት ቤት የኰበለለውን ልጅ ማንም አይቈጥረውምና።

እኔ እንደሚመስለኝ፣ የመምህር ዋጋ የሚከፈለው ተማሪው ከእርሱ የተቀበለውን ዕውቀት፣ መምህሩ ባላሰበው ስፍራና ባልሰጠው መልክ፣ እንደ ገዛ ርስቱ ሲያዝዝበት ባየበት ሰዓት ነው። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ዕውቀቱ የመምህሩ መሆኑ ይቀራል፤ መምህሩም ይህን መቅረት እንደ ኪሳራ ሳይሆን እንደ ሐሤት የሚቀበል ልቡና ከሌለው፣ ሌላ ሥራ ቢፈልግ ይሻለው ነበር።

ይህን ነገር በመጀመሪያ የተመለከትሁት አስተማሪ ከመሆኔ አስቀድሞ፣ ጎጃም ውስጥ በአንድ የቅኔ ጉባኤ ቤት ደበሎ ለብሼ፣ አኩፋዳ አንጠልጥዬ በምማርበት ዘመን ነው። የጉባኤው ሥርዓት የታወቀ ነው፤ ተማሪው ከቁራሽ ልመና መልስ በየዛፉ ጥላ ሥርና በየቋጥኙ ጥግ ተቀምጦ፣ ሰው በማይሰማው ድምፅ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ቅኔውን ሲቈጥር ይውላል፤ ፀሐይ ሲያዘቀዝቅም ጀማሪው ሁለት ቤት ያላትን ጉባኤ ቃና፣ የበረታው ስምንት ቤት ያለውን መወድስ ይዞ ወደ መምህሩ ይቀርባል። የእኛ የኔታ ዐይነ ስውር ነበሩ። በደጃቸው ካለው መደብ ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ጭራቸውን በጉልበታቸው ላይ አጋድመው ይሰሙን ነበር፤ ብዙውን ጊዜም ገና ሳንጨርስ፣ «ምስጢሩ ይፋለሳል»፣ «ቤቱ አይመታም»፣ «ሰሙስ ቀልጧል፣ ወርቁ የታለ?» እያሉ ይመልሱን ነበር።

ከመካከላችን ከላስታ የመጣ አንድ ዝምተኛ ልጅ ነበረ። አንድ ምሽት ጉባኤ ቃናውን ሲያደርስ የኔታ አላቋረጡትም፤ ጨርሶም ሲቆም ምንም አላሉም። ከዚያ ጭራቸውን አንሥተው፣ «ድገመው» አሉት፤ ደገመው። ጥቂት ቆይተውም፣ «ይህን ከማን አገኘኸው? እኔ አልሰጠሁህም» ሲሉት፣ ልጁ የሰው ቅኔ በመስረቅ የተጠረጠረ መስሎት ድምፁ እየተንቀጠቀጠ፣ «ከራሴ ነው፣ የኔታ፤ ማርያምን ከራሴ ነው» ብሎ ማለ። የኔታም ሳል እስኪይዛቸው ድረስ ሳቁና፣ «እኔስ ሌላ ምን አልሁ? ይበል!» አሉ። በተከታዩ እሑድ በቅኔ ማኅሌት ቆመው ያችን ጉባኤ ቃና ራሳቸው አሰሙ፤ ካህናቱ «ይበል» ባሉ ጊዜም የእርሳቸው መስላ እንዳትቀር የልጁን ስም ከነአገሩ ተናገሩ። ከጥቂት ወራት በኋላ፣ ከጉባኤው ሁሉ የበለጠውን ቅኔ ዘራፊ እዚያው አስቀርተው ሊረዱበት ሲችሉ፣ «ከእኔ ዘንድ ያለውን ጨርሰሃል፤ ሂድና የዋድላውን ስልት ደግሞ ቅመስ» ብለው፣ ድርቆሽና በሶ አስይዘው ሰደዱት። እኛ የቀረነው፣ የኔታ በዚህ ያዝናሉ፣ ጉባኤውም ይቀዘቅዛል ብለን ስንፈራ፣ እርሳቸው ግን ያን ሳምንት የምሥራች እንደ ሰማ ሰው ከወትሮው እያስረዘሙ ሲያስተምሩን ሰነበቱ። ለዚህ ሁሉ ድካማቸው ከእኛ ከተማሪዎቻቸው የሚያገኙት ነገር ቢኖር፣ ተራ ገብተን የምንለቅመው እንጨትና ከወንዝ የምንቀዳው ውሃ ብቻ ነበር።

የሊቃውንቱም ታሪክ ይህንኑ ይመሰክራል። በሐረር የመምህራን ማሠልጠኛ ሳለሁ ከቤተ መጻሕፍቱ መደርደሪያ አንድ ክብደቱ እጅ የሚያዝል መጽሐፍ አንሥቼ ነበር፤ እርሱም በ1948 ዓ.ም. የታተመው «መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ ወመዝገበ ቃላት ሐዲስ» ነው። መግቢያውን ሳነብ፣ አንድ መጽሐፍ የሦስት ትውልድ እጅ ያለበት መሆኑን ተረዳሁ፤ መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ የጀመሩትን ሥራ ሳይፈጽሙ ለደቀ መዝሙራቸው ለአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ አደራ ብለው ሄዱ፤ አለቃ ኪዳነ ወልድም ከመምህራቸው የተቀበሉትን እያሰፉና እያጠለቁ ዕድሜያቸውን ከደከሙበት በኋላ፣ እርሳቸውም ታትሞ ሳያዩት ለደቀ መዝሙራቸው ለአለቃ ደስታ ተክለ ወልድ አስረከቡት። ያሳተሙት ደስታ ናቸው። ነገሩ በዚህ ቢያበቃ የታማኝ አደራ ጠባቂ ታሪክ ተብሎ ይመሰገን ነበር፤ ይሁን እንጂ ደስታ ተክለ ወልድ የመምህራቸውን አደራ ከፈጸሙ በኋላ፣ በ1962 ዓ.ም. የራሳቸውን የአማርኛ መዝገበ ቃላት አወጡ። መምህራቸው በሕይወት ኖረው ቢሆን ኖሮ፣ ከሁለቱ መጻሕፍት በየትኛው ይበልጥ ደስ ይላቸው ነበር? እኔ በሁለተኛው ይመስለኛል።

ወደ ራሴ ነገር ልመለስ። በግንቦት ወር 1953 ዓ.ም. የአፍሪካ መንግሥታት የትምህርት ጉባኤ በአዲስ አበባ ተሰብስቦ፣ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በ20 ዓመት ውስጥ ለሕፃናት ሁሉ እንዲዳረስ ባቀደበት ዘመን፣ እኔ በአድአ ምድር በአንዲት አነስተኛ ትምህርት ቤት ገና ወጣት አስተማሪ ነበርሁ። ቤቱን ያሠራው የአገሩ ሰው አዋጥቶ ነው፤ ግድግዳው ጭቃ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ስለ ሆነ፣ በክረምት መግቢያና መውጫ ዝናም በጣለ ቍጥር እንኳን ተማሪው እኔም የራሴን ድምፅ አልሰማም፤ በዚያን ጊዜ ሰሌዳው ላይ ጽፌ እነርሱ ይገለብጣሉ። ደወላችን ከግራር ቅርንጫፍ ላይ የተንጠለጠለ የመኪና ቸርኬ ነበረ። ከልጆቹ ብዙዎቹ በቤታቸው የሚናገሩት ኦሮምኛ ስለ ነበር፣ ከእነርሱ ዘንድ አማርኛ ገና የእንግዳ ቋንቋ ነው፤ እኔ ደግሞ ከእነርሱ ቋንቋ ሰላምታ እንኳ የማላውቅ ሰው ስለ ነበርሁ፣ በዕረፍት ሰዓት እነርሱ ያስተምሩኝ ጀመር፤ ስሳሳት በሚስቁት ሳቅ መጠንም ትምህርቴ ፈጠነ።

አራተኛ ክፍል ስናስተምር ክፍልፋይ የሚባለው የሒሳብ ምዕራፍ ይመጣል። ለአስተማሪ በተሰጠው መጽሐፍ ውስጥ አንድ ክብ ኬክ በእኩል ቍራሽ ተከፋፍሎ ተሥሎ ነበር፤ ከዚያ ክፍል ግን ኬክ የሚባል ነገር በዐይኑ ያየ ልጅ አልነበረም፤ ስለዚህ እኔ ሥዕሉን በጠመኔ እየሣልሁ፣ አንድ ሦስተኛና አንድ አራተኛ እያልሁ ስደክም፣ ልጆቹ እንደ ጸሎት ይደግሙልኛል እንጂ ከቃሉ በስተኋላ ምንም የሚታያቸው ነገር እንደሌለ ከፊታቸው ይነበባል። ወሩ ታኅሣሥ ነበረ፤ በታኅሣሥ ደግሞ ክፍሉ ይሳሳል፣ ግማሹ ልጅ በአውድማ ነውና። የመጡትም ቢሆኑ ልባቸው ከዚያው መሆኑን ባየሁ ጊዜ ኬኩን በዱስተር ጠረግሁና፣ «በአውድማው ላይ 60 ቁና ጤፍ አለ። አራሹ የሲሶ አራሽ ነው። ለባለ መሬቱ ስንት ቁና ይሰፍራል?» ብዬ ጠየቅሁ።

ክፍሉ ነቃ። በዚያ አገር እኩል፣ ሲሶና እርቦ የሚባሉት ድርሻዎች ልጅ ከእናቱ ጡት ጋር የሚያውቃቸው ነገሮች ናቸው። ወዲያው ብዙ እጆች ተነሡ፤ «20!» የሚለው ድምፅም ከየአቅጣጫው መጣ። በዚህ መካከል ከመስከረም ጀምሮ አንድ ቃል ተናግሮ የማያውቅ፣ ከኋላ ወንበር የሚቀመጥ ልጅ ተነሣና፣ ቃሉን እየመረጠ፣ «መምህር፣ አሥራቱ ወጥቷል ወይስ አልወጣም?» አለኝ። ይህን ጥያቄ የመጽሐፉ ደራሲ አላሰበውም፤ እኔም የካህን ልጅ ስሆን ለመንግሥት የሚገባው አሥራት ከማን ድርሻ እንደሚነሣ ለማወቅ የሚያስገድድ ኑሮ ኖሬ አላውቅም። «ልዩነቱን አሳየን» ብዬ ጠመኔውን ሰጠሁት። እጁን በቁምጣው ጠረገና ወደ ሰሌዳው ወጣ። አሥራቱ ከክምሩ ላይ አስቀድሞ ከወጣ 54 ይቀራል፤ የ54 ሲሶ 18 ነው፤ ለአራሹ 36 ይደርሰዋል። ባለ መሬቱ ሲሶውን ከ60 ላይ ካነሣና አሥራቱ በአራሹ ጫንቃ ብቻ ከወደቀ ግን ለአራሹ የሚተርፈው 34 ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ሁለት ቁና ነው፤ ሁለት ቁና ጤፍ የስንት ቀን እንጀራ እንደ ሆነም ለዚያ ክፍል መንገር አላስፈለገም።

ነገሩ በሰሌዳ ላይ ቢቀር ኖሮ ይህን ያህል ባልተረክሁት ነበር። በዚያው ሳምንት የልጁ አባት መሬታቸውን የሚያርስላቸው የባለ መሬቲቱ ወኪል እህሉን ሊያካፍል በመጣ ጊዜ፣ ልጁ ደብተሩን ይዞ ከአውድማው ዳር ተቀመጠና በተሰፈረ ቁና ልክ አንዳንድ ጭረት እየጫረ ቈጠረ፤ በመጨረሻም ወኪሉ በቃሉ የተናገረው ድምርና የልጁ ጭረት ሳይገጥሙ ስለ ቀሩ፣ ሰው በተሰበሰበበት ተነሥቶ፣ «ጌታዬ፣ የወሰዱት ከዚያ ይበልጣል» አለ። በማግሥቱ ጧት አባቱ ከክፍሌ ደጃፍ ጋቢውን አደግድጎ ቆሞ አገኘሁት። ሊያመሰግነኝ የመጣ መስሎኝ ነበር። «መምህር» አለኝ፣ «ልጄን ያስተምሩልኝ ብዬ ሰጠሁዎ እንጂ ከጌቶች ያጣሉልኝ አላልሁም። ነገ ከመሬቱ ቢነቅሉኝ፣ እርስዎ ልጆቼን ያበሉልኛል?» ለዚህ የሚሆን መልስ በሐረር አልተማርሁም። ፍርሃቱም የከንቱ ፍርሃት አልነበረም፤ አራሽ በአንድ ቃል የሚነቀልበት ዘመን ነውና፤ እኔ በደመወዜ እኖራለሁ፣ እርሱ ግን የሚኖረው በሌላ ሰው መሬት ላይ ነው።

ፍጻሜው ማናችንም ያልጠበቅነው ሆነ። ባለ መሬቲቱ በአዲስ አበባ የሚኖሩ አረጋዊት ወይዘሮ ነበሩ፤ ወሬው ሲደርሳቸው ልጁን ከነደብተሩ አስጠሩት። ጭረቱን ካስቈጠሩ በኋላ ወኪላቸው ካስረከባቸው እህል ጋር ቢያስተያዩት፣ ከአራሹ አብልጦ የወሰደውን ለእርሳቸው አሳንሶ ሲያስገባ እንደ ኖረ ገለጥ ብሎ ታየ። «እንግዲህ የሚሰፍርልኝ ይህ ልጅ ነው» ብለው ፈረዱ። አባትየው ይህን ሲነግረኝ ፊቱ ግማሹ ሳቀ፤ ልጁ ከጌቶች አለመጣላቱ ደስ ቢያሰኘውም፣ የጌቶች ሰፋሪ መሆኑ ደግሞ እንዴት ያለ ነገር እንደ ሆነ ገና አልለየለትም ነበር።

በሚከተለው ዓመት ቅዳሜ ቀን ወደ ገበያ ስሄድ በዚያ አውድማ አጠገብ አለፍሁ። ልጁ ተቀምጦ ይጽፋል፤ ከእርሱ አባት ሌላ የጎረቤት አራሾችም እህላቸውን እንዲቈጥርላቸው ቆመው ይጠብቁታል። ሳያየኝ ቀረብ ብዬ ደብተሩን ስመለከት፣ ገጹን በእርሳስ መሥመር ለሁለት ከፍሎ፣ ተቈልሎ የተሰፈረውን ቁና በአንድ ዐምድ፣ አፉ በእንጨት ተጠርጎ የተሰፈረውን በሌላው ዐምድ ይጽፍ ነበር፤ ስፍር ሳይጓደል በአሰፋፈር ብቻ ስንት እንደሚበላ ለይቶ ዐውቋልና። ያን ዐምድ ያስተማርሁት እኔ አይደለሁም። በማናቸውም መጽሐፍ አላየሁትም። በዚያች ቅጽበት ከዓመታት በፊት የኔታ ለምን እንደ ሳቁ ገባኝ፤ ልጁንም ሳልጠራው ወደ ገበያዬ አለፍሁ።

ይህ ልጅ ከስምንተኛ ክፍል በላይ አልተማረም፤ የሚኒስትሪውን ፈተና አልፎ ሳለ አባቱ ታመመና ሞፈሩን እርሱ ጨበጠ። ከዓመታት በኋላ፣ በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ዐዋጅ ወጥቶ የገበሬ ማኅበራት ሲቋቋሙ፣ የማኅበራቸው ጸሐፊ አድርገው እንደ መረጡት ከአገሩ ሰው ሰማሁ። አንድ ጊዜ በባልንጀሮቼ ጨዋታ መካከል ታሪኩን ባነሣ፣ ጄኔራሉን ያስተማረው ጓደኛዬ እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ሰምቶኝ፣ «ከዚያስ? ምን ሆነ?» አለኝ።

ሁሉም እንዲህ አልሆነም። ከእጄ ካለፉት ልጆች የሚበዙት ወዴት እንደ ገቡ አላውቅም፤ የማውቃቸውም ቢሆኑ አንዳንዶቹን ባላውቅ በመረጥሁ ነበር፤ ያ ዘመን የተማረውን ወጣት አብዝቶ የፈጀ ዘመን ነውና። ይህን በዚህ ጽሑፍ አላረዝመውም።

ስለ አንዲት ልጅ ግን ሳልናገር አላልፍም። በአምስተኛ ክፍል ከሁሉ የሚያምር የእጅ ጽሕፈት የነበራት እርስዋ ናት፤ የ«ጸ»ን ጅራት ወደ ግራ ጠምዘዝ ታደርገዋለች፤ አትጠምዝዢው ብዬ ብነግራትም አትተወውም። በፋሲካ ዕረፍት ሊድሯት መሆኑን ሰምቼ ሽማግሌ ይዤ ከአባቷ ደጅ ሄድሁ፤ በክብር ተቀበሉን፣ አበሉን፣ አጠጡን፣ መርቀውም ሸኙን፤ ልጅቱም ከፋሲካ በኋላ አልተመለሰችም። እኔም ከዚያ ትምህርት ቤት ወደ ሌላ፣ ከሌላውም ወደ ሌላ ስዛወር ዓመታት አለፉ።

በ1971 ዓ.ም. ሐምሌ ወር የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ከተቈጣጣሪዎቹ አንዱ ሆኜ ወደዚያው ወደ አድአ ተመደብሁ። ዘመቻው በአማርኛ ብቻ ሳይሆን በልዩ ልዩ የአገሪቱ ቋንቋዎች እንዲካሄድ ተወስኖ ነበር፤ ኋላም ቋንቋዎቹ 15 ደርሰዋል፤ ሁሉም የሚጻፉት በፊደላችን ነበረ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከወረዳው ከተማ ርቆ በሚገኝ ቀበሌ፣ በዋርካ ሥር የተሰበሰበ ጉባኤ አገኘሁ፤ ሽማግሌዎችና ባልቴቶች በድንጋይና በግንድ ላይ ተቀምጠው፣ አንዲት ልጅ ያዘለች ሴት በሳጥን ክዳን ላይ በተቀባ ጥቁር ሰሌዳ ታስተምራቸዋለች። ሴትየዋን ከፊቷ በፊት በ«ጸ» ፊደሏ ዐወቅኋት፤ ጅራቱ ዛሬም ወደ ግራ ጠምዘዝ ብሏል። በሰሌዳው ላይ የተጻፈው ግን ከእኔ የተማረችው አማርኛ አልነበረም፤ በእናቷ ቋንቋ በኦሮምኛ የጉባኤተኞቹን ስም ከነአባቶቻቸው ጽፋ፣ እያንዳንዱን እያስነሣች የገዛ ስሙን በጣቱ እንዲያመለክት ታደርግ ነበር። ከሀ ሁ አልጀመረችም። እንደ ሕጉ ከሆነ ይህ ከመመሪያው ውጭ ነው፤ እኔም የተላክሁት መመሪያው መጠበቁን ለመመርመር ስለ ነበር፣ መዝገቤን አውጥቼ ቆምሁ፤ ቆይቼም ወደ ኪሴ መለስሁት።

ትምህርቷን እንዳላቋርጥባት በማሰብ ከኋላ በኩል በቀስታ ተጠጋሁ። ከግንዱ ጫፍ የተቀመጠች አንዲት ባልቴት፣ ኋላ እንደ ተረዳሁት የአስተማሪዋ አማት፣ እርሳሷን ከከንፈሯ ሳታወጣ ዘወር ብላ አየችኝ፤ ከእግሬ እስከ ራሴም መዘነችኝና ፈቀቅ ብላ ስፍራ ለቀቀችልኝ። «ና ልጄ፣ ተቀመጥ፤ አትፈር» አለችኝ በኦሮምኛ፣ «እኛም የጀመርነው ባለፈው ሳምንት ነው።» አመስግኜ ተቀመጥሁ፤ የምራቷ አስተማሪ መሆኔንም ጉባኤው እስኪበተን ድረስ ማንም አልነገራትም።